ሹፌሩ ሳይጠፋ ክፍያው እንዳይጠፋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ያለ ሹፌር ስለሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ 17 ዓመት ተሳቢ የነዳሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ጽሁፉ ሹፌር ይቀራል ወይስ አይቀርም ሲል ይጀምርና እዛው ላይ ያልቃል፣ ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ አይደለም።

መጀመሪያ ነገር ማሽኑ በጭራሽ አይችልም ከሚሉት ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ሞሃቪ በረሃ ላይ ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖች ውድድር ተደርጎ ከሁሉም ራቅ ብሎ የሄደው መኪና 12 ኪሎ ሜትር እንኳን ሳይሞላ ቆሞ ቀረ፣ በዓመቱ ሲደገም ግን 5 መኪኖች እስከ መጨረሻው ደረሱ። ነገውኑ ይተካናል የሚሉትም ቢሆኑ ቀስ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 እዛው አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ቢራ የጫነ ከባድ መኪና ሹፌሩ ከኋላ አልጋው ጋ ሆኖ አውራ ጎዳናውን በራሱ ሲጨርስ አለቀልን ተብሎ ነበር፣ ሥራውን የያዘው ኡበር የሚባለው ድርጅት ግን በ2018 የከባድ መኪናውን ክፍል ዘጋው። በ2025 ደግሞ አውሮራ የሚባለው ድርጅት ዳላስና ሂውስተን መሀል ያለ ሹፌር ጭነት ማመላለስ ጀመረና ወር ሳይሞላው የመኪናው አምራች ስለጠየቀ ወንበሩ ላይ ሰው ተመልሶ ተቀመጠ፣ የሚነዳ ሳይሆን የሚከታተል ሰው።

ልብ በሉልኝ፣ የመኪናዎቹ ጉዞ አውራ ጎዳና ላይ ነው። የኛ ሥራ ግን መሪ መያዝ ብቻ አይደለም። ጭነት ገና ጉዞ ሲጀመር እየተንገጫገጨ ይረጋል፣ ሲረጋ ገመዱ ይላላል፣ ወርደህ እንደገና ካላጠበቅከው ኩርባ ላይ ይዞህ ይሄዳል። ረጅም ቁልቁለት ስጨርስ ሁሌም ዳር ይዤ አቆምና እየዞርኩ የእጄን ጀርባ ወደየጎማው ቸርኬ ጠጋ አደርጋለሁ፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፋጀኝ ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። አንድ ሌሊት ገና ከጋቢና ስወርድ ሽታው ተቀበለኝ፣ የተሳቢው የመጨረሻ ጎማ ሊቀጣጠል ምንም አልቀረውም ነበር። ሴንሰር ሙቀቱን ከኔ እጅ በተሻለ ይለካዋል፣ እሱን አልክድም፣ ግን በጨለማ ከስር ገብቶ የያዘውን ፍሬን የሚያላቅቀው ማነው?

ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ድርጅቶች ያሰቡት ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፣ ረጅሙን መንገድ ማሽኑ ይነዳል፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ መጋዘን ያለውን ሰው። ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ማንም ሥራ አያጣም ይባላል። እኔ የምፈራው እሱን ነው። በብዙ ቦታ የረጅም መንገድ ሹፌር የሚከፈለው በኪሎ ሜትር ወይ በጉዞ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ያለው ደግሞ አውራ ጎዳናው ላይ ነው። ለኛ የሚተርፈው መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ መዋል፣ ወረቀት ማስፈረም፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ተሳቢ በኋላ ማርሽ ማስገባት ነው፣ ይሄ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳብ የማይያዝለት ሥራ ነው። ሰውየው ሹፌር እንደተባለ ይቀጥላል፣ ልጆቹን ማብላት ግን ያቅተዋል።

የወደብ ጫኞች ይህን ከኛ በፊት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን (ራሱ የጭነት መኪና ባለቤት ነበር) 58 ኮንቴይነር በመርከብ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ፣ ከዛ ወዲህ በጆንያና በሳጥን ተሸክሞ ማራገፍ እየቀረ መጣ። የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ጫኞች ማኅበር ግን በ1960 ከአሠሪዎቹ ጋር ተፈራረመ፣ ማሽኑ ይግባ፣ በምትኩ ቀድሞ ጡረታ ለሚወጣውና ደሞዙ ለሚጎድልበት ሠራተኛ ገንዘብ ይቀመጥ ብሎ። ከነሱ በኋላ ለመጡት ወጣቶች ብዙ ሥራ አላስቀረም፣ ያ ያሳዝነኛል፣ ቢሆንም ነባሩ ባዶ እጁን አልተሸኘም። ገንዘቡ ከመጥፋቱ በፊት ስለተነጋገሩ ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ሌላ ጊዜ እነዚህን መኪኖች የሚሠሩትንና የሚገዙትን ስታናግሩ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፣ መጋዘን በር ላይ ቆሜ የምውለውን ሰዓት ከአሁን ጀምሮ ማን ይከፍለዋል?

አንባቢያችሁ፣ የከባድ መኪና ሹፌር