ሰይጣንን «ማን ላከህ?» ብለን የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። የዚህን ሳምንቱን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፣ ድምፁን ለቆታል፣ እኛም ሳንወድ እንሰማለን። አንዲት ሴት ትጮኻለች። ማይክ የያዘ ሰው ደግሞ «ማን ላከህ? ተናገር! ማን ላከህ?» እያለ ይደጋግማል። «አክስቷ» አለ መንፈሱ። ሕዝቡ እልል አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት ከንፈራቸውን መጠጡና «አይ ዘመድ!» አሉ። አለቀ። ያቺ አክስት፣ የት እንደምትኖር እንኳ የማናውቃት ሴት፣ እዚያው ታክሲ ውስጥ ተፈረደባት።

እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህን ነገር ከቤቴ አውቀዋለሁ።

ያደግነው ፒያሳ ነው፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ እየተጋራን። ከጎናችን የነበሩት ሴትዮ ልጅ አልነበራቸውም። እትዬ እንላቸዋለን። እናቴ ሥራ ስትውል ከትምህርት ቤት መጥተን ምሳ የምንበላው እሳቸው ጋ ነበር። ቡና አንድ ቀን እኛ ቤት ይፈላል፣ በማግስቱ እሳቸው ቤት፤ ጀበናው ከተጣደ መጠራራት አያስፈልግም፣ ሽታው ይጠራል።

በ2010 ታናሽ እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልመጣላትም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ ተወች፣ ቆይቶም ብቻዋን ማውራት ጀመረች። እናቴ ያላንኳኳችው በር የለም። በመጨረሻ ወደ አንድ የጸሎት ቦታ ወሰድናት። የየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነ አልጽፍም፤ ነገሩ ጠበል ቦታም አለ፣ አዳራሽም አለ፣ ጣቴን ወደ አንድ ወገን መቀሰር አልፈልግም። እዚያም ያው ጥያቄ መጣ። ማን ላከህ? እህቴ ዝም አለች። አገልጋዩ ደገመው። «ጎረቤት ነው ዘመድ?» «ጎረቤት» አለች። «በምን ገባህ? በምግብ ነው በቡና?» «በቡና» አለች።

በቃ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ «ልጄ ተሻላት ወይ?» ብለው መጡ። በአንድ እጃቸው ቡና በሲኒ፣ በሌላው ቆሎ ይዘዋል። እናቴ ተቀበለች፣ አመሰገነች። እሳቸው ዘወር ሲሉ ቡናውን ቦዩ ላይ ደፋችው። ሲኒውንም አጥባ አልመለሰችም፣ በፌስታል ጠቅልላ ጣለችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ምንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እትዬ ስለ ሲኒያቸው አንድም ቀን አልጠየቁም። ግን ገብቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ቡናቸውን በራቸውን ዘግተው ነው የሚያፈሉት። በ2016 ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እሳቸው ወደ አንድ ዳር፣ እኛ ወደ ሌላ ዳር ሄድን፤ እናቴ ዕቃቸው ሲጫን እንኳ አልወጣችም።

እንዳትሳሳቱ፣ ሰይጣን የለም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አለ። ይዋጋናል። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሰይጣን አለ ብለን የምናምን ከሆነ እንዴት የእሱን ቃል እናምናለን?

ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሳጥናኤል የወደቀው በውሸት ነው። ፈጣሪ ለመላእክቱ ተሰውሮ ሳለ ሳጥናኤል «እኔ ፈጠርኋችሁ» አላቸው። መላእክቱ ሲታወኩ ቅዱስ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አላቸው፤ አምላካችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ማለት ነው። ገብርኤል ሳጥናኤልን «እስቲ አስረዳኝ» ብሎ አልጠየቀውም። ጌታም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የሐሰት አባት ብሎታል። ዲያብሎስ የሚለው የግሪክ ስም ራሱ ከሳሽ፣ ስም አጥፊ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ስም አጥፊ የሆነውን ይዘን፣ ማይክ አፉ ላይ ደቅነን፣ ስም እንዲጠራልን እንለምነዋለን። ስንጠመቅ ክርስትና አባትና እናቶቻችን ወደ ምዕራብ ዞረው ስለ እኛ የካዱት እሱን ነው።

ጌታ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው ሲጮኽ «ዝም በል፣ ከእርሱም ውጣ» አለው። የሚገርመው መንፈሱ ያን ቀን የተናገረው እውነት ነበር፤ የእግዚአብሔር ቅዱስ ነህ ነው ያለው። እውነት ሲናገር እንኳ ዝም አሰኘው። ሉቃስም ምዕራፍ 4 ላይ አጋንንቱ እንዲናገሩ እንዳልፈቀደላቸው ጽፏል። አንድ ጊዜ ብቻ «ስምህ ማን ነው?» ብሎ እንደጠየቀ አውቃለሁ፣ በማርቆስ ምዕራፍ 5፣ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው። ብዙ አገልጋዮች ይህን ይጠቅሳሉ። እሺ፣ ጠይቋል። ግን ማን ላከህ አላለውም። ከጎረቤቶቹ ማን ነው ያስገባህ አላለውም። ሰውዬው ከዳነ በኋላ ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ሳለ አብሬህ ልሂድ ብሎ ሲለምነው እንኳ «ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተ ሰዎችህ ሂድ» ነው ያለው። ያ ፈውስ ሰውን ወደ ዘመዶቹ መለሰ። የእኛ ግን እህቴን ይዞ ሄዶ ከዘመድ የበለጠች ጎረቤት አሳጣን።

በፊልጵስዩስም ጳውሎስን እየተከተለች ብዙ ቀን የጮኸች፣ የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት ገረድ ነበረች። የምትለው እውነት ነው፤ እነዚህ የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው ትላለች። ጳውሎስ ጥሩ ማስታወቂያ ተገኘ ብሎ ዝም አላለም፣ አዘነ፣ አስወጣውም። ጌቶቿ ግን ገቢያቸው ስለቀረ ጳውሎስንና ሲላስን ጎትተው ለሹሞች ሰጧቸው፤ ተገርፈው እስር ቤት ገቡ። የመንፈስ ልፍለፋ ገበያ ያለው ያኔም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ገበያው በተመልካች ቁጥር ሆኗል።

ኤፌሶን ምዕራፍ 6ን ሁላችንም በቃል እንወጣዋለን፤ መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም ይላል። ደምና ሥጋ ማለት እኮ እትዬ ናቸው። ደምና ሥጋ ያቺ አክስት ናት። ከዚያ የጦር ዕቃውን ሲዘረዝር መጀመሪያ የሚያስታጥቀን ምንድን ነው? «ወገባችሁን በእውነት ታጥቃችሁ» ነው የሚለው። ከጋሻው በፊት፣ ከሰይፉ በፊት፣ እውነት። ያንን ትጥቅ ፈትተን ጥለን ነው እንግዲህ ውጊያ ላይ ነን የምንለው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ደግሞ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፣ ለዲያብሎስ ፈንታ አትስጡት ይላል። በእኛ ግቢ ስድስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ገባች።

እህቴ አሁን ደህና ናት። ሐኪም የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት ጀመረላት፣ ጠበልም ትጠመቃለች፣ ጸሎትም አልተወችም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ማቴዎስም ምዕራፍ 4 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውንና ሽባዎችን ለይቶ ነው የጻፈው። ሁሉንም አጋንንት አላለም።

አንድ ማታ እህቴን «ያኔ ለምን ቡና አልሽ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበር። የሚፈልገውን ከነገርኩት የሚለቀኝ መሰለኝ» አለችኝ። ይህን ለእናቴ የነገርኳት ቀን እናቴ ምሳ አልበላችም።

አጥማቂ አባቶች፣ ፓስተሮች፣ ዘማሪዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። ጸልዩ፣ አጥምቁ፣ በጌታ ስም ገሥጹ። «ማን ላከህ?» የሚለውን ግን ተዉት። የታመመ ሰው ፊትም ካሜራ አትደቅኑ፤ እህቴ በዚያ ሁኔታ እያለች የተቀረጸችው ቪዲዮ ዛሬም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ሥራ ልትቀጠር ስትሄድ ያዩዋት ይሆን እያለች ትፈራለች። እናንተም አዘጋጆች፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትንና የአእምሮ ሐኪሞችን አንድ ላይ አናግራችሁ በዚህ ጉዳይ ብትጽፉልን ብዙ ግቢ ይተርፋል።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዘን እትዬ አዲሱ ቤት ሄድን። ጥሬ ቡናና ስኳር ገዝተን ነበር። እትዬ በሩን ከፍተው ሦስታችንንም አዩን፣ እህቴን አቅፈው ሳሟት፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ከሰሉን አያያዙ። እናቴ አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ በረካው እስኪወርድም ተቀመጠች። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ ግን አልወጣላትም። ስንነሳ እትዬ «ቅዳሜ ኑ» አሉን። ቅዳሜ እንሄዳለን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ