ከርጭት በኋላ ያሉት ሳምንታትም ይታሰቡ

ለአዘጋጁ፣

በቆጋ መስኖ አካባቢ ስለሚካሄደው የፀረ ተባይ ኬሚካል ርጭት ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው ርጭቱ በተካሄደበት ዕለት በሚታየው መመረዝ ላይ ነው፤ ማስመለስ፣ ላብ፣ የዓይን ብዥታ። ለፀረ ተባይነት ከሚውሉት መካከል ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳትም አላቸው። ሰውየው ድኗል ከተባለ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ የእግሩ ነርቮችና ህብለ ሰረሰሩ ይጎዳሉ፤ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይዝላል። በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዚህ ወገን ኬሚካል የተበከለ የዝንጅብል መጠጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሽባ አድርጓል።

በአይጥ ላይ የሚደረገው የተለመደ ሙከራ ይህን ጉዳት በቀላሉ አያሳይም። ለዚህ ሲባል በዓለም አቀፍ የሙከራ መመሪያ የተመረጠችው ዶሮ ናት። ኬሚካሉ ከተሰጣት በኋላ አረማመዷ ለ21 ቀን ይታያል፤ በአንጎሏና በህብለ ሰረሰሯ ያለ አንድ ኢንዛይም ይለካል፤ ነርቮቿም በማይክሮስኮፕ ይመረመራሉ። የኬሚካሉን ገዳይ መጠን ብቻ የሚገልጽ ሰነድ፣ በእኔ እምነት፣ ለመራዊ ገበሬ ዋስትና አይሆነውም። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ጓንት፣ ማሳው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮችን የዶሮ ሙከራ ውጤት በአማርኛ አዘጋጅቶ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ያድርስ። ጤና ጣቢያዎችም የተመረዘን ሰው ሲያሰናብቱ ለ3 ሳምንት በየሳምንቱ እየቀጠሩ እግሩንና አረማመዱን ይዩለት።

አንድ አንባቢ
ከመራዊ፣ ጎጃም