ስለ ፓላዲኑ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የነገርከኝ ጉዳይ ከልቤ አልወጣም። ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በሚባለው፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚጫወትበት የምናብ ጨዋታ፣ ጓደኛህ ፓላዲን (መሐላ የገባ ቅዱስ ተዋጊ) ሆኖ ሲጫወት፣ ሰይፉን ጥሎ የተንበረከከ ጎብሊን (በተረት ያለ ትንሽ ጭራቅ) ገደለ። አንተም የጨዋታው መሪ ነህና «ይህ ክፋት ነው» ብለህ ኃይሉን ሁሉ ነጠቅከው። እሱ ደግሞ «ብለቀው መንደሩን ያቃጥል ነበር» ብሎ ተከራከረና የገጸ ባሕርዩን ወረቀት ሰብስቦ ወጣ። አብሮ አደግ ጓደኛህን በዚህ ምክንያት ስታጣው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እጁን የሰጠ መግደል ግፍ ነው፤ በዚህ ካንተ ጋር ነኝ። አፈራረድህን ግን አልወደድኩትም። በቀድሞዎቹ የዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትሞች ፓላዲን የግድ ሕግ አክባሪና በጎ መሆን ነበረበት፤ አውቆ ክፉ ከሠራ ኃይሉን ያጣል። እናንተ የምትጫወቱበት የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ግን እንዲህ አይልም። ፓላዲኑን የሚያስረው የገባው መሐላ ነው። የበቀልን መሐላ የገባ ፓላዲን ለተራ ጠላት ሊራራ ይችላል፤ ሊያጠፋው ለማለበት ጠላት ግን ምሕረት የለውም። የሌላው፣ የታማኝነት የሚባለው መሐላ፣ በማስተዋል የሆነ ምሕረትን ያዝዛል። ጓደኛህ የማለው የትኛውን ነው? ሳትጠይቀው ከፈረድክ የፈረድከው በራስህ ሕሊና እንጂ በእሱ ቃል አይደለም።

ጠቡ በእናንተ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታው ሲወጣ ለገጸ ባሕርይ የሚመረጠው አሰላለፍ ሕግ፣ ገለልተኝነትና ሥርዓት አልበኝነት ብቻ ነበር፤ ይህም ከሕሊና ይልቅ የማን ወገን እንደሆንክ የሚናገር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎና ክፉ ተጨምረውበት አሰላለፉ ዘጠኝ ዓይነት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ እምነት ይሟገትበታል። ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2023 አሰላለፍን ጨርሶ አውጥቶታል፤ መልካም አደረጉ እላለሁ። በወረቀቱ ጥግ የተጻፈው «በጎ» የተጫዋቹን ሥራ ተከትሎ ይለወጥ እንጂ ሥራውን አስቀድሞ አይወስን። ጎብሊኑም ጎብሊን ሆኖ በመወለዱ ብቻ ክፉ መባሉ አይዋጥልኝም።

አሁንም ከቅዳሜ በፊት ደውልለት። ኃይሉን መልስለት፤ የጎብሊኑን ሞት ግን አትሰርዝ። ወንድሞቹ ሬሳውን አግኝተው ወደ መንደሩ ይምጡ፤ ፓላዲኑም የሚመልስላቸውን ራሱ ይፈልግ።

እናትህ