ካርቶኑ ለምን ቀለለ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን "በየሳምንቱ የምትልኩልን የአትክልት ካርቶን ምነው ቀለለ?" እያላችሁ የምትደውሉልን በዝታችኋል። ልክ ናችሁ፣ ቀሏል። ዝናብ አልጠፋም፣ እኛም ከላዩ አልቀነስንም። አትክልት ከምንረከብባቸው አነስተኛ የቤተሰብ እርሻዎች ሁለቱ ዘንድሮ ሥራ አቁመዋል። መሬቱ እዚያው አለ፣ የጠፋው የሚሠራበት ሰው ነው።

አንደኛው የአንድ አባት እርሻ ነበር። ለቀማ ጎንበስ ብለው የሚሠሩት ሥራ ነው፣ ያውም ፀሐይ ሳይበረታ። የእሳቸው ጉልበት ደግሞ እምቢ ካለ ቆየ። አምና ስንሄድ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንዱን መደብ ለቅመው ሲጨርሱ፣ በርጩማዋን በእግራቸው እየገፉ ወደሚቀጥለው ሲያልፉ አየናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ሦስቱም ከተማ ነው የሚሠሩት። ይደውላሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ። ለቀማ ግን በስልክ አይሆንም።

በልጆቹ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ አንፈርድም (ከመካከላችን ሁለታችን ራሳችን እርሻ ጥለን የመጣን የገበሬ ልጆች ነን)። ደመወዝ በወሩ ይገባል፤ የእርሻ ወጪ ግን ዛሬ ነው፣ ገቢው ከወራት በኋላ፣ እሱም በረዶ ወይም ተባይ ካልቀደመው። ብዙ የማይወራ ሌላ ነገርም አለ። ምን እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው አባት ነው፣ ልጅ አርባ ዓመት እስኪሞላው በገዛ ቤቱ ተላላኪ ሆኖ ይቆያል። መሬቱ ሲደርሰው ደግሞ ከወንድም ከእህት ጋር ተሸንሽኖ ነው፣ የደረሰችው ቁራጭ አንድ ቤተሰብ አታኖርም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 ከ5 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ጠፍተዋል፣ አብዛኞቹም ትንንሾቹ ናቸው። አሜሪካ በ2022 ባደረገችው የእርሻ ቆጠራ የገበሬዎቿ አማካይ ዕድሜ 58 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። "ትልልቆቹ ካመረቱ ምን ቸገረን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ትልቅ እርሻ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ለማሽን የሚመቸውን፣ አንዴ የሚደርሰውን ነው። ዛሬ ትንሽ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ እየተባለ በእጅ የሚለቀመው፣ እናንተ "ይሄንን ደግሞ ላኩልን" የምትሉት፣ ለእሱ አያዋጣውም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ካርቶኑ በየሳምንቱ መምጣቱ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፣ ግን ሞልቶ። ሌላም ለውጥ አለ። የአባቷን እርሻ የተረከበች አንዲት ወጣት "ግማሹን ክፍያ ስዘራ ስጡኝ፣ ያለዚያ እኔም መሄዴ ነው" ብላናለች። ተስማምተናል፣ ለሌሎቹም እንደዚሁ እናደርጋለን። በወሩ መጨረሻ የምትከፍሉን ወደ መጀመሪያው ብታመጡልን ለእሷ የምንሰጠው እጃችን ላይ ይኖራል። የማይመቻችሁ ንገሩን፣ በነበረው ትቀጥላላችሁ።