«ደህና ነኝ» ስትል አትመኗት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አረጋውያን ወላጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ቀርቶታል። እናቴ በስልክ ሁሌም «ደህና ነኝ» ነው የምትለኝ። ቤቷ ስሄድ የድስቱ ቂጥ አርሯል። የማክሰኞ ክኒኗ ሐሙስም ማስቀመጫው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ስትራመድ ግድግዳ ትደገፋለች፤ የበለዘ ክንዷን በሹራብ ሸፍናዋለች። ወድቃ ነበር፣ አልነገረችኝም።

ድንገት የመጣ መደናገር ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ጣጣ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።

«ምን ላግዝሽ?» ማለቱን ትቻለሁ፤ መልሱ ያው «ምንም» ነው። አሁን «መታጠቢያ ቤት ስትገቢ የቱ ጋ ነው የሚያስቸግርሽ?» እላታለሁ። ያኔ ታወራለች።

አንባቢያችሁ