የክበባት ዘገባ፦ የታሪክ ክበብ በንጉሡ መንገድ ላይ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ሩቅ አልሄደም። ለዓመቱ ጥናት የመረጥነው ብዙ ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ወደ አማርኛ ትምህርት የሚያመጡበትን ኤል ካሚኖ ሪያልን፣ የንጉሡን መንገድ ነው። በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜና በሳንታ ክላራ የምንኖር ሰዎች መንገዱን የምናውቀው በገበያ አዳራሾቹና በመኪና ጭንቅንቁ ነው። ልጆቹ ግን ዳር ዳሩን ጫፋቸው በቆለመመ የብረት ምሰሶዎች ላይ የተንጠለጠሉትን ደወሎች ሲያዩ ነው ያደጉት። ደወሎቹ የማን ናቸው? ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ስንፈልግ ዓመቱ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1769 በጋስፓር ደ ፖርቶላ የተመራው የስፔን ጦር ሳን ዲዬጎ ሲደርስ፣ አብረው የመጡት የፍራንቸስካውያን መነኩሴ አባ ሁኒፔሮ ሴራ የመጀመሪያውን ሚሲዮን፣ ማለትም የአገሬውን ሰዎች አጥምቆ የሚያኖር የስብከት ጣቢያ፣ መሠረቱ። የመጨረሻው በ1823 ሶኖማ ላይ እስኪተከል ድረስ 21 ሚሲዮኖች ተቋቁመዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 960 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ስፔናውያን ከባዶ አላወጡትም። ብዙው ክፍል የአገሬው ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ የሚመላለሱበት የእግር መንገድ ነበር። ደወሎቹም ተማሪዎቹ እንደገመቱት የመነኮሳቱ ዘመን ቅርስ አይደሉም። የመጀመሪያው የተተከለው በ1906 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፤ ታሪካዊውን መንገድ ለማስታወስ የተነሡ የሴቶች ማኅበራት ናቸው ያስተከሉት።

ከጉብኝቶቻችን ሁሉ ረጅም ጊዜ የቆየንበት በ1797 የተመሠረተው የሳን ሁዋን ባውቲስታ ሚሲዮን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ልጆቹን ማንሣት አልተቻለም። የወለሉ ሸክላ ሳይደርቅ ደጅ ተሰጥቶ ሳለ የዱር አራዊት ረግጠውት አልፈዋል፤ የእግራቸው ዱካ እስከ ዛሬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ተማሪዎች ተንበርክከው መዳፋቸውን እያስጠጉ ለኩት። አብራን የመጣች የአንዷ ተማሪ አያት ደግሞ ግድግዳው ላይ ነበር ዐይኗ። ግድግዳው ከአፈርና ከጭድ ተቦክቶ በፀሐይ በደረቀ ጡብ የተሠራ መሆኑን ስንነግራት፣ በአገሯ ጭቃ በእግር እንዴት እንደሚቦካ፣ ጭዱ እስኪዋሐድ ለምን እንደሚከርም እዚያው ቆማ ለልጆቹ አስረዳች። አንድ ልጅ «ታዲያ ይህን ሁሉ ያቦካው ማነው?» አለ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አልሰማሁም።

ያቦኩት የአካባቢው ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑት ሙትሱኖች ናቸው። የተጠመቀ ሰው ያለ ፈቃድ ከሚሲዮኑ መውጣት አይችልም ነበር፤ ያመለጠውን ወታደሮች አሳድደው ይመልሱታል፣ ይገረፋልም። ያላገቡ ሴቶች ሌሊት ይቆለፍባቸው ነበር። ደወል ሲደወል ይነሣሉ፣ ደወል ሲደወል ይጸልያሉ፣ ደወል ሲደወል ወደ ሥራ ይሰማራሉ። እንደ ኩፍኝ ያሉ ከአውሮፓ የመጡ በሽታዎች ደግሞ ፈጇቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለው ጠባብ መካነ መቃብር ከ4,000 በላይ የአገሬው ሰዎች ተቀብረዋል፤ ከቁልቁለቱ በታች የጥንቱ መንገድ ቁራጭ አስፋልት ሳይለብስ ይታያል። ብዙዎቹ ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ የሚያማትቡ ስለሆኑ ይህን መስማት ከብዷቸዋል፤ አንዳንድ ወላጆችም ጉዳዩን ማንሣታችን አሳስቧቸው አነጋግረውኛል። እኔ ግን ቤተ መቅደሱን ማክበርና በዙሪያው የተፈጸመውን በደል በስሙ መጥራት አብረው እንደሚሄዱ ለልጆቹ ነግሬያለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ።

እንደ እኛ ላለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ደግሞ የሙትሱን ቋንቋ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። ከ1808 ጀምሮ በዚያ ያገለገሉት አባ ፌሊፔ አሮዮ ዴ ላ ኩዌስታ ቃላቱንና አረፍተ ነገሮቹን በጽሑፍ አኑረዋል። አቀላጥፈው የሚናገሩት የመጨረሻዋ ሰው ወይዘሮ አሴንሲዮን ሶሎርሳኖ በ1930 ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ ጆን ሃሪንግተን የተባለ ተመራማሪ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቁትን ሁሉ ጻፈ። ዛሬ ዘሮቻቸው ቋንቋውን ከእነዚያ ጽሑፎች መልሰው እየተማሩ ነው፤ ከምሁራን ጋር ሆነው መዝገበ ቃላትም አሳትመዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ያች አያት ስለ ጭቃ የነገረቻቸውን በአማርኛ እንጻፈው አሉ፤ ጽፈውታልም። የቤታቸውን ሽማግሌዎች እየጠየቁ የጻፉትም በክበቡ ሰሌዳ ላይ አብሮ ተለጥፏል።

በመጨረሻ ተከራከርን። በ2019 የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ የአማ ሙትሱን ጎሣ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት ከግቢው አንድ ደወል አንሥቷል። ሌሎቹስ ይነሡ? ገሚሱ ይነሡ አለ፤ ገሚሱ ካልታየ ይረሳል ብሎ ተከራከረ። እኔ የአገሬው ሕዝቦች ዘሮች ይነሣልን ባሉበት ቦታ ሁሉ መነሣት አለበት ባይ ነኝ። ክበቡ አልተስማማም፤ የተስማማው በካርታው ላይ ነው። በክፍላችን ግድግዳ በሠራነው ትልቅ ካርታ ከ21ዱ ሚሲዮኖች በፊት በደማቅ ቀለም የተጻፉት ኩሜያይ፣ ቶንግቫ፣ ቹማሽ፣ ሳሊናንና ኦሎኒ የሚሉት የሕዝቦች ስሞች ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት አባ ሴራ ወደተቀበሩበት ወደ ካርሜል እንሄዳለን። ሰፊ መኪና ያላችሁና ስፓኒሽ የምታነብቡ ወላጆች፣ ትምህርት ሳይከፈት ብታነጋግሩኝ ክበቡን ትልቅ ውለታ ትውሉለታላችሁ።