ጀልባው ሲያረጅስ የት ይሂድ?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጀልባ ቱሪዝም እድገት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አዳዲሶቹ ማረፊያዎች፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ፣ የሥራ ዕድሉ ሁሉ ተነስቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር ግን ሳይነሳ ቀረ። ያረጀው ጀልባ የት ይሂድ?

ከ1960ዎቹ ወዲህ አብዛኛው የመዝናኛ ጀልባ የሚሠራው ከፋይበርግላስ ነው፤ የመስታወት ክር በሙጫ ተነክሮ ሲደርቅ ማለት ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ እንደ እንጨት አይበሰብስም። ሰው የወደደው ለዚህ ነበር፣ ዛሬ መከራ የሆነብንም ይኸው አለመበስበሱ ነው። አንዴ ከደረቀ እንደ ብረት አቅልጠው ሌላ ዕቃ አያደርጉትም። ማፍረሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ጀልባ ቢሸጥ ከሚያወጣው ይበልጣል። ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? አንዱ ዳር ላይ ትቶት ይጠፋል፣ ሌላው ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በነጻ ይሰጠዋል፣ ጨክኖ ሆን ብሎ የሚያሰጥመውም አለ። የተጣለው ጀልባ ቀስ በቀስ እየተፈረፈረ ውሃው ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ ቺቼስተር ወደብ ተመራማሪዎች ስብርባሪውን ሰው በሚበላቸው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ ሳይቀር አግኝተውታል፤ ውጤቱ የወጣው በ2024 ነው።

መላ የለውም እንዳትሉኝ። ፈረንሳይ በ2019 በጀመረችው አሠራር አዲስ ጀልባ ገበያ ላይ የሚያወጣ አምራች ወይም አስመጪ ለማፍረሻ የሚሆን መዋጮ ይከፍላል። ባለቤቱም ያረጀውን ያለ ክፍያ ያስረክባል። ማጓጓዣው ግን የራሱ ነው፣ እሱም ለትልቅ ጀልባ ቀላል ወጪ አይደለም፣ ቢሆንም ሸክሙ መጨረሻ ላይ በተገኘው ሰው ላይ ብቻ አልወደቀም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጀልባ ሲሸጥ ያተረፈ ሰው ጀልባው ሲሞትም ድርሻውን ይክፈል።

ደግሞ ሲፈለግ ሕግ ይወጣል። የስፔኗ ባሌሪክ ደሴቶች በ2018 ፖሲዶኒያ በተባለው የባሕር ሣር ላይ መልህቅ መጣልን ከልክለዋል፣ ሣሩ አንዴ ከተነቀለ መልሶ ለመስፋፋት እጅግ ብዙ ዓመት ስለሚወስድበት።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስለ አዲስ ማረፊያ ስትጽፉ ስንት ጀልባ እንደሚይዝ ብቻ አትጠይቁ። ባለቤት አልባ ሆኖ የቆመ ስንት እንዳለና ማን እንደሚያነሳውም ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ